እሳቱ ሳይጠፋ

እትብቱ የወደቀው ጠዋት፣ ሳክማ የማሙሽን ጨርቅ ስትቀይር ነው። ደርቃ የጠቆረች ቁራጭ፣ እንደ ቅርንፉድ ቀልላ መዳፏ ላይ ቀረች። ሳክማ ቶሎ ብላ ወደ በሩ አየች። አማቷ ጓሮ ውስጥ የሙዝ ግንድ ሲከትፉ የቢላዋው ድምፅ ይሰማል። ባሏ ደጅ ላይ ጋሪውን እየጠመደ ፈረሱን ይሰድባል። ማንም አላያትም። ቁራጯን በሽርጧ ጫፍ ቋጠረቻትና ቋጠሮውን ወገቧ ላይ ሸጎጠችው። ልጁንም መልሳ ጠቀለለችው፤ ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ፣ ሆዱ እንዳይታይ።

ከአልጋው ግርጌ የሸክላው ማንደጃ ይጨሳል። ጎንበስ ብላ አንድ የኮኮናት ቅርፊት ጨመረችበት።

በሞንቶንግ ባሌ መንደር ልጅ ሲወለድ የተለኮሰ እሳት እትብት እስኪወድቅ አይጠፋም። ዝናብ ቢዘንብም ነፋስ ቢነፍስም ይጠበቃል፤ አራሷን እንቅልፍ ከጣላት ሌላ ሰው ነቅቶ ይቆሰቁሳል። እትብቱ የወደቀ ቀን አዋላጇ ትጠራለች፣ ነጭና ቀይ ገንፎ ይገነፋል፣ እናትና ልጅ በጭሱ ይታጠናሉ። በመጨረሻ እናትየው በገዛ እጇ ውሃ ታፈስበትና እሳቱ እሽሽ ብሎ ሲጠፋ የልጁ ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጅ ስም የለውም። ማሙሽ ነው፣ በቃ።

ስም የሚያገኘው ደግሞ ልጁ ብቻ አይደለም። በዚያ መንደር የወለደ ሰው በራሱ ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። ሳክማ የሚለውን ስም ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። የበኩር ልጇ ሩሚና ከተባለችበት ሰዓት ጀምሮ እሷ ኢናቅ ሩሚና ናት፣ የሩሚና እናት። ባሏ አማቅ ሩሚና ሆነ። አማቷም በልጃቸው፣ ማለትም በባሏ በኪርማን ስም ኢናቅ ኪርማን መባላቸው ቀረና ፓፑቅ ሩሚና ተባሉ፣ የሩሚና አያት። አንገቷን ገና ማቅናት ያልቻለች ሕፃን ለሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ቀን ስም አወጣችላቸው።

ሩሚና ባለፈው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ በደንጌ ትኩሳት ሞተች። ትምህርት ቤት ከገባች ገና ጥቂት ወሯ ነበር። የፊት ጥርሷ ወልቆ በክፍተቱ ማፏጨት ተምራ ቤቱን ታውከው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ጋሪ ላይ ትወጣና እንደ ረዳት ቆማ «ገበያ፣ ገበያ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለች ትጮሃለች፤ ጋሪው ባዶ ቢሆንም አንድ ሰው ነው የሚቀረው።

እሷ ብትሞትም ስሟ አልሞተም። እንዴት ይሙት፤ ሌላ ልጅ የለም፣ የሚተካው ስም የለም። አትክልት ሻጯ ከአጥር ውጭ ሆና «ኢናቅ ሩሚና፣ ቃሪያ አትፈልጊም?» ትላለች። ጎረቤት «ኢናቅ ሩሚና፣ ዶሮሽ እኛ ጋ ናት» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ጥሪ እንደ እሾህ ይወጋት ነበር፤ በሯን ዘግታ ጆሮዋን በትራስ ትይዝ ነበር። በኋላ ግን፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቀው፣ ነገሩ ተገለበጠ። ሰው ስሙን በጠራ ቁጥር፣ አንገቷን ዞር እስክታደርግ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ሩሚና አለች። ጓሮ ናት፣ ጋሪው ላይ ናት፣ ልትመጣ ነው። ዞር ስትል ትጠፋለች። ግን ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው ደግሞ ይጠራታል።

ውሃው ሲፈስ ይሄ ያበቃል። የከለከለ ሰው ኖሮ አይደለም፤ የሞተ ልጅ ስም መጥራት ኃጢአት ነው ያለ የለም። ልማዱ ነው፣ ስም በሕይወት ያለውን ልጅ ተከትሎ ይሄዳል። የማሙሽ ስም ሐምዲ እንዲሆን የመስጊዱ አስተማሪ መርጠውለታል፤ ምስጋና ማለት ነው ብለዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሷ ኢናቅ ሐምዲ ናት። ሩሚና ለማለት አፉን የሚከፍትበት ምክንያት ያለው ሰው በመንደሩ ውስጥ አይኖርም።

ስለዚህ ሳክማ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ከዚያ መቀመጥ አቃታት። አራስ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ትላለች እንጂ አትዞርም፤ እሷ ግን ማንደጃውን ከአልጋው ግርጌ ወደ ራስጌው አዛወረችው፣ ከራስጌው ደግሞ ወደ መስኮቱ። የተጠረገ ወለል ጠረገች። ልጁን አስተኛችው፣ ሳያለቅስ አነሳችው፣ መልሳ አስተኛችው። በየመሃሉ እጇ ወደ ወገቧ ይሄዳል፤ ቋጠሮው አለ። በሩ ጋ ሄዳ ሰማዩን አየች፤ በተራራው በኩል ጠቁሯል። ተመለሰች። ምን ልታይ እንደሄደች ረስታው እንደገና ሄደች።

«ምነው አንቺ፣ ሽንት ቤት የጠፋበት እንግዳ መሰልሽ» አለች ኢናቅ ጁማረፕ፣ በጓሮ በር ብቅ ብላ። ጎረቤት ናት፤ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሳትሸኝ አትሄድም። የሩዝ ዱቄት የሞላ ሳህን ይዛ ነበር። «ለገንፎው ነው። ዛሬም አልወደቀም አትበይኝ እንዳልቆጣ።»

«ዛሬም አልወደቀም።»

«ምን ዓይነት ንፉግ ልጅ ነው። የኔ ጁማረፕ ሳምንት ሳይሞላው ነው የጣለው፤ ያኔም ለጋስ ነበር፣ አሁንም ያለውን ሁሉ ለሚስቱ ዘመዶች ይበትናል። ያንቺው ግን ሀብታም ይሆናል። የያዘውን አይለቅም።» ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን አራገፈች። «እንዲህ ነው የኢናቅ ሐምዲ ልጅ።»

ሳክማ ከቅርጫቱ ሥር ደረቅ ቅርፊት መፈለግ ያዘች።

«ኢናቅ ሐምዲ፣ አንቺን እኮ ነው።»

ሳክማ አንድ ቅርፊት አንስታ ፍሙ ላይ ጣለች።

«ምላሴን ላስለምደው ብዬ ነው» አለች ጎረቤቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በኋላ ሰው ፊት እንዳልሳሳት።»

«እሳቱ አልጠፋም። እሳቱ እስኪጠፋ እኔ ኢናቅ ሩሚና ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ። ማን ወሰደብሽ።» ኢናቅ ጁማረፕ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። «እስቲ ይሄን ንፉግ ልየው።»

«አትንኪው፤ አሁን ነው የተኛው።»

ጎረቤቷ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ሳክማን አየቻት፣ ከዚያ ጭሱን፣ ከዚያ የልጁን ክፍት ዓይኖች። የተኛ ልጅ አልነበረም። «ቅርፊቱ እርጥብ ነው» አለች ወደ በሩ እየሄደች፤ «የኔን ዓይን እንኳ አጠፋው። ለሱማ እንዴት ይሆናል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሸኝ ወጣች።

ቀትር ላይ ጋሪው ደጅ ቆመ። ባሏ በጆንያ ቅርፊት ጭኖ መጥቷል፤ ዝናቡ መንገድ ላይ ስላገኘው ከጆንያውም ከሱም ውሃ ይንጠባጠባል።

«ከዚህ በኋላ የምናነደው የቤቱን በር ነው» አለ ጆንያውን ጥግ ላይ ጥሎ። «ፈረሱ እንኳ ስም አለው። ያለ ስም የሚጠባ የኔ ልጅ ብቻ ነው። ዛሬም?»

«ዛሬም።»

ፊቱን በእጁ ጠረገና አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ጣቱን ሲሰጠው ማሙሽ ጨበጠለት። ባሏ ፈገግ አለ፤ ያንን ፈገግታ ካየችው ቆይታለች። ጎንበስ ብሎ ልጁ ጆሮ ላይ «ሐምዲ» አለው በሹክሹክታ።

«አትጥራው።»

«ማን ሰማኝ?»

«እኔ ሰማሁህ።»

ጣቱን ከልጁ መዳፍ አወጣና ቆመ። «አንቺ፣ ይሄን ልጅ አትፈልጊውም?»

«ሌሊት ሲያለቅስ ማን ነው የሚነሳለት?»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

ሳክማ ማንደጃውን ከመስኮቱ ወደ በሩ አዛወረችው። ከበሩ ነፋስ ስለሚገባ ደግሞ ወደ አልጋው መለሰችው። እጇ ሥራ ካልያዘ ወደ ቋጠሮው ይሄድባታል። «አንተ ግን ስሟን ለመጣል የቸኮልከው ለምንድን ነው?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። «‘አንድ ሰው የቀረው’ ስትል ሰዉ ሁሉ እየሳቀ አልነበረም ጋሪህ ላይ የሚወጣው? ለሷ ብሎ አልነበረም?»

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይቀጠቅጠዋል። ባሏ የሚወጣ መስሏት ነበር፤ ልማዱ ነው፣ ይወጣና ፈረሱን ያጥባል። አልወጣም።

«አንቺ ስሙን ስትሰሚ የምትመጣልሽ እሷ ናት» አለ። «አይቼሻለሁ። ፊትሽ ይበራል። እኔ አማቅ ሩሚና ሲሉኝ የሚመጣልኝ ያ መንገድ ነው። ክሊኒኩ ድረስ በጋሪው የወሰድኳት ጊዜ። ፈረሱን እየገረፍኩ። ‘አባ፣ ተወው፣ ያመዋል’ አለችኝ። ለፈረሱ አዝና። እሷ በትኩሳት እየነደደች።» የረጠበ ኮፊያውን አውልቆ ጨመቀው፤ ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠፈጠፈ። «ሰው ይሳፈራል፣ ‘አማቅ ሩሚና፣ ገበያ አድርሰኝ’ ይላል። ገበያ አደርሰዋለሁ። እኔ ግን የምሄደው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ስንቴ በቀን። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እንጂ እሷን ልጥል ብዬ አይደለም።»

እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። አሁን ቋጠሮውን ፈትታ «ይኸው» ልትለው ትችል ነበር፤ እጇም እዚያው ነበር። ጣቷ ቋጠሮውን ዳሰሰ። እና ማሙሽ ሳለ። ትንሽ ሳል፣ ጉሮሮው ላይ ላባ እንደገባበት ዓይነት። ደግሞ ሳለ።

ባሏ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ። ነፋስና ካፊያ አብረው ገቡ፤ ፍሙ ላይ ጠብታዎች ጭስስ አሉ። ሳክማ ዘልላ መስኮቱን ዘጋችው።

«እሳቱ ይጠፋል» አለች።

«ልጁስ?» አለ ባሏ።

ሁለቱም የተባለውን ሰሙት። እሱ ኮፊያውን አጥልቆ ፈረሱን ሊፈታ ወጣ። እሷ ልጁን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር መመላለስ ጀመረች። ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች፣ በሌላ እጇ ጭሱን ታባርራለች፣ እግሯ ደግሞ ሄዶ ሄዶ ማንደጃው ጋ ያቆማታል። ከጆንያው ደረቅ ቢገኝ ብላ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ሁሉም ርሰዋል። አንዱን ጣለችበት። ጭሱ ነጭ ሆኖ ተነሳ።

አማቷ የገቡት ዝናቡ ሲያባራ ነው። ፓፑቅ ሩሚና ከንፈርና ጥርስ የሚያቀላውን ቅጠል ሁልጊዜ ያኝካሉ፤ ማኘካቸውን የሚያቆሙት ሲናደዱ ነው። አሁን አያኝኩም ነበር። ማንደጃውን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰናህን አስጠርቻታለሁ» አሉ። ፓፑቅ ሰናህ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። «ገንፎውም ተጥዷል።»

«እትብቱ እኮ ገና—»

«ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ። ያልወደቀ እትብት ጨርቅ ላይ ይሸታል። የዛሬው አልሸተተም።» ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ለማንም አላወራሁም። ዛሬን ከስሙ ጋር ትዋል ብዬ ነው የተውኩሽ። አሁን ግን ልጁ እየሳለ ነው።»

ሳክማ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች፣ እንደተያዘ ሌባ። «አልሰጥም» አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። ለአማት እንዲህ አይባልም፤ ግን አንዴ ወጥቷልና ቀጠለች። «እርስዎ ምን ቸገረዎት። ስሙ ይቀየርልዎታል እንጂ የጎደለብዎ ነገር የለም። ነገም አያት ነዎት። ኢናቅ ኪርማን ነበሩ፤ ኪርማን ያው ደጅ ቆሞ ፈረስ ይፈታል።»

አሮጊቷ ቅጠሉን ከአንድ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። ደጅ ባሏ ፈረሱን «እግርህን፣ እግርህን አንሳ» ሲለው ይሰማል።

«ከኪርማን በፊት ኢናቅ ሳሌሃ ነበርኩ» አሉ።

ሳክማ የሰማችው ነገር እንዲደገምላት ጠበቀች። አልደገሙትም።

«ሳሌሃ ማን ናት?»

«ማን ትሆናለች። ልጄ ናት። በእግሯ ልትሄድ ስትል ነው የሞተችው። አጨዳ ነበር፣ ሰው ሁሉ ማሳ ነበር፣ ሆዷን አመማት።» ቆም አሉ። «ኪርማን ሲወለድ እሳቱን አጠፋሁት። እንዳንቺ አልደበቅሁም፤ የኔን አማት ማን ይደብቃቸዋል፣ በማማሰያ ነበር የሚሉኝ። በማግስቱ ኢናቅ ኪርማን ብለው ጠሩኝ፣ አልዞርኩም። ሌላ ሴት የሚጠሩ መስሎኝ። ደግመው ሲጠሩኝ ዞርኩ። ልጁ እያለቀሰ ነበር፣ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ። ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ።»

«ኢናቅ ሳሌሃ ያለዎት ሰው የለም? እስከዛሬ?»

«ማን ይበለኝ። የሚያውቁት ሞቱ። ሰናህ ታውቅ ነበር፤ አሁን የራሷንም ልጆች ስም ታምታታለች።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ ስሙን አንስቶት አያውቅም። እኔ የረሳ መስሎኝ ስረግመው ኖርኩ።» አሮጊቷ ወደ በሩ አዩ፣ ባሏ ወደቆመበት። «ዛሬ ይሄን ልጄን ስሰማው ነው ያሰብኩት። ምናልባት እሱም መንገድ ላይ ነበር።»

«ኪርማን ያውቃል? እህት እንደነበረችው?»

«ምን ብዬ ልንገረው።»

ይሄ ሳክማን አላጽናናትም፤ አስፈራት እንጂ። የምትፈራው ነገር ይኸው ቅጠል በጉንጩ ይዞ ፊቷ ተቀምጧል። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷን አየች፤ ሽበት ወርሷት፣ የሐምዲን ልጆች ጨርቅ እያጠበች፣ በሆዷ ውስጥ ማንም የማይጠራት ሴት ልጅ ይዛ። ስታፏጭ የሚሰማት የሌላት ልጅ።

«እኔ እንደርስዎ አልሆንም» አለች።

«አትሁኚ» አሉ አማቷ ጉልበታቸውን ተደግፈው እየተነሱ። «ማን ሁኚ አለሽ። እኔ ልሂድ፣ ገንፎው ያርርብኛል።»

ፓፑቅ ሰናህ የልጅ ልጃቸው ሞተር ብስክሌት ላይ እግራቸውን ወደ አንድ ጎን አድርገው ተቀምጠው ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ግቢው ይጤስ ነበር። ሴቶቹ በግቢው መሃል ባለው መደብ ላይ፣ ከሣር ጣሪያው ሥር ተሰብስበዋል። ባሏ ደረቅ ሸሚዝ ለብሷል። ማንደጃውን ከነፍሙ አውጥተው መሃል አስቀመጡት።

«ዕድሜዬን በሙሉ ስንት ልጅ ተቀብያለሁ» አሉ ፓፑቅ ሰናህ፣ «እንዲህ ያስጠበቀኝ የለም። የት አለ?»

ማሙሽን ተቀበሉት፣ ጨርቁን ፈቱት፣ እምብርቱን አዩ። ደርቆ የዳነ እምብርት። ዓይናቸውን ወደ ሳክማ አነሱ። ሴቶቹም አዩ። ኢናቅ ጁማረፕ ቶሎ ብላ «ምን ይደረግ፣ በጭስ መሃል ማን ያያል» አለች፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ ነገሩም አለፈ። ሳክማ ቋጠሮዋን ፈትታ ቁራጯን ሰጠች። ልጁ በአዋላጇ ክንድ ላይ ሆኖ ሲስል ስለሰማችው ነው የሰጠችው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ከቤቱ ወራጅ ላይ ትንሿ የጨርቅ ከረጢት ወረደች። የአንድ እናት ልጆች እትብት አብሮ ይቀመጣል፤ እንዲዋደዱ ነው። በከረጢቷ ውስጥ የሩሚና ነበረች። ፓፑቅ ሰናህ የማሙሽን አጠገቧ ከተቱና አፋቸው የለመደውን አሉ፦ «እሱ እህቱን ይውደድ፣ እሷም ወንድሟን ትጠብቅ፣ አንድ ሳህን ያብላቸው።» ከዚያ ያሉትን ሰሙት። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ባሏ ኮፊያውን አስተካከለ።

እናትና ልጅ ታጠኑ። ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት ደስ አላት፤ እንባዋን ማንም አይጠይቃትም። ከዚያ በኮኮናት ቅል የተቀዳ ውሃ ሰጧት።

ቅሉን ይዛ ቆመች።

ይሄን ሌላ ሰው አያደርግላትም። ባል አያፈስም፣ አማት አታፈስም፣ አዋላጅ አታፈስም፤ የእናት እጅ ነው። ሁሉም ጠበቁ። ፍሙ ሊከስም ደርሷል፤ ግን ቀይ ነው፣ ገና እሳት ነው። ሳክማ በአንድ እግሯ ቆመች፣ በሌላው ቆመች። ውሃው ከቅሉ ጫፍ ተንጠባጥቦ እግሯን አራሰው። ዞር ብላ ብትሄድ ምን ይላሉ። ቅሉን ብትጥለው። አንድ ቅርፊት ብቻ ብትጨምር።

«ኧረ ገንፎው በረደ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ማሙሽ ሳለ።

አማቷ ከሴቶቹ ጋር አልነበሩም። ከግቢው ጥግ፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቀዩን ገንፎ ያማስላሉ። ቀጭን ጀርባ ነው። ከማማሰያው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሳክማ ያንን ጀርባ አየች፤ ምን እንደምታደርግ ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«ኢናቅ ሳሌሃ» ብላ ተጣራች።

ሴቶቹ ተያዩ። እንዲህ የምትባል ሴት አያውቁም። ባሏም ማን መጣ ብሎ ወደ አጥሩ በር ዞረ።

«ወዬ» አሉ አሮጊቷ።

ዞርም አላሉ። ማማሰያቸውንም አላቆሙ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም በዚያው ስም ሲጠሯቸው የኖሩ ይመስል፣ ሥራ እንደያዘች ወጣት እናት፣ ቶሎ ብለው ነው ወዬ ያሉት። ከዚያ ማማሰያው ቆመ። ጀርባቸው ቀጥ አለ። ቀስ ብለው ዞሩ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ፓፑቅ ሰናህ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። የረሱት ነገር አልነበረም።

ሁለቱ በጭሱ መሃል ተያዩ።

ሳክማ ውሃውን አፈሰሰች።

እሳቱ እሽሽ አለ፣ አመድና እንፋሎት ተነሳ፣ ባሏም በዚያ መሃል «ሐምዲ» ብሎ ጠራ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ፤ ደግሞ ሲጠራ ቀና። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ ልጁ ደነገጠና አለቀሰ፣ ሰው ሁሉ በአንዴ መናገር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የመብል ጣጣ ሆነ። ሳህን ይመጣል፣ ሳህን ይጎድላል። ሳክማ ልጁን አቅፋ ከመደቡ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ አጥሩ ትመላለሳለች። ማንደጃው ጋ ደርሳ ትመለሳለች፤ የረጠበ አመድ ብቻ ነው።

«ማንን ነው የጠራሽው?» አላት ባሏ ተከትሏት መጥቶ።

«እናትህን ጠይቃቸው።»

«እናቴን?»

«አሁን አይደለም። ሰው ሲሄድ።»

ፊቷን መረመረ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ የልጁን ኮፍያ አስተካከለና ሄደ።

«ኢናቅ ሐምዲ፣ ጨው የት ነው?» አለች ኢናቅ ጁማረፕ ከወጥ ቤት። ሳክማ አጥሩን ታይ ነበር። «ኢናቅ ሐምዲ።» ጎረቤቷ ሦስተኛ አልጠራችም፤ ሄዳ ራሷ ልትፈልግ ነበር። ሳክማ ዞረች።

«ከመደርደሪያው ላይ» አለች። «ሰማያዊዋ ጣሳ።»

ሰዉ ሲሳሳ አማቷ ሁለት ሳህን ገንፎ ይዘው መጡ። አንዱን መደቡ ላይ አስቀመጡላት፣ ከጠፋው ማንደጃ አጠገብ፣ ሌላውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አልጎረሱም። ግቢውን ያያሉ። ፈረሱ ከአጥሩ ሥር ሣር ይነጫል።

«ጸጉሯ ከርዳዳ ነበር» አሉ።

ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ሳክማ ግን ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠችው ሴት ልጁን ወደ ሌላ ክንዷ አዛውራ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ማንን መስላ?»

«እንጃ። እኔን አይደለም። ማበጠሪያ አይገባበትም ነበር።» አሮጊቷ ጣታቸውን አየር ላይ ጠቅልለው አሳዩ፣ ከርዳዳው እንዴት እንደሆነ። «ላበጥራት ስይዛት ትነክሰኝ ነበር። ትንሽ ጥርስ እኮ ክፉ ነው።»

«የቱን እጅዎን?»

አሮጊቷ ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው አዩ፣ ቆዳቸው የተጨማደደ፣ በገንፎ ስኳር የተጣበቀ። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ግራቸውን ለሳክማ ሰጧት።

«ይቺን» አሉ።